አሮጌ ቀለም ሲፋቅ የሚነሳው የእርሳስ አቧራ፦ ቤትዎን ከማሳደስዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ

ክረምቱ ተገባዶ አዲሱ ዓመት ሲቃረብ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁለት ድምፆች ይበረክታሉ። አንደኛው ከየግቢው የሚሰማው የበግ ድምፅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከየቤቱ የሚወጣው የብርጭቆ ወረቀት ፍቅፈቃ ነው። ቤት የሚያከራይ አዲስ ተከራይ ከመግባቱ በፊት፣ ልጅ የሚድር ድግሱ ከመድረሱ በፊት፣ ኮንዶሚኒየም የገዛ ደግሞ ዕቃውን ከማስገባቱ በፊት ቤቱን ያስቀባል። ቀለም ቀቢው ይመጣና የነበረውን ቀለም በስፓቱላና በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ቤቱ በአቧራ ይሸፈናል። ማታ ላይ በደረቅ መጥረጊያ ይጠረግና ቤተሰቡ እዚያው ያድራል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዓመታት በፊት የመኝታ ቤቱን የብረት መስኮት በግራይንደር አስፍቆ፣ በዚያው ዕለት ማታ የሁለት ዓመት ልጁን እዚያው ክፍል ውስጥ አስተኝቷል። ያን ጊዜ የሚያውቀው አቧራ ሳል እንደሚያመጣ ብቻ ነበር። አቧራው ውስጥ እርሳስ ሊኖር እንደሚችል የነገረው አልነበረም፤ ቀቢውም ቢሆን አያውቅም።

እርሳስ ስንል

በአማርኛ እርሳስ ሲባል ብዙው ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው የተማሪን መጻፊያ ነው። በመጻፊያው ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት እንጂ ብረቱ እርሳስ አይደለም። ስለዚህ ልጅዎ የእርሳሱን ጫፍ ቢልስ በዚህ ምክንያት መስጋት የለብዎትም፤ እንጨቱ የተቀባው ቀለም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ የምንነጋገርበት በመኪና ባትሪ ውስጥ የሚገኘው ከባድ ብረት፣ በተለምዶ ሊድ የሚባለው ነው።

የቀለም አምራቾች ይህን ብረት የሚጨምሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ነጩ የእርሳስ ካርቦኔት ቀለሙ ከሥሩ ያለውን እንዲሸፍን ያደርጋል። የእርሳስ ክሮሜት ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፣ ከሌላ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ብርቱካናማና አረንጓዴ ይሆናል። ቀዩ የእርሳስ ኦክሳይድ ብረት እንዳይዝግ ይከላከላል። ሌሎች የእርሳስ ውህዶች ደግሞ የዘይት ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ ይረዳሉ። ለዚህ ነው እርሳስ በብዛት የሚገኘው በውሃ በሚበጠበጠው የፕላስቲክ ቀለም ሳይሆን በዘይት ቀለምና በብረት ላይ በሚቀባው አንቲረስት ውስጥ የሆነው። በኖራ የተለሰነ ግድግዳ በዚህ ረገድ ብዙ አያሳስብም። በኛ ቤቶች መጠርጠር ያለባቸው በሩ፣ መስኮቱና የመስኮቱ ፍርግርግ፣ የግቢው የላሜራ በር፣ የደረጃ መደገፊያው፣ እንዲሁም እንዳይቆሽሽ ተብሎ እስከ ወገብ ድረስ በዘይት ቀለም የሚቀባው የኮሪደርና የኩሽና ግድግዳ ናቸው። ቢጫ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ ከሆኑ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ጉዳቱ አዲስ ግኝት አይደለም። የአውስትራሊያዋ ብሪስበን ከተማ የዓይን ሐኪም ሎክሃርት ጊብሰን የኩዊንስላንድ ሕፃናትን የሚመርዘው የበረንዳ መደገፊያና የግድግዳ ቀለም መሆኑን የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ነጭ እርሳስ ያለበት ቀለም በቤት ውስጥ ቅብ ላይ እንዳይውል የሚከለክል ስምምነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር። ያም ሆኖ አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚውል የእርሳስ ቀለምን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከሐኪሙ ጽሑፍ እስከ አሜሪካው እገዳ 74 ዓመት መሆኑ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም አይፔን ከተባለው ዓለም አቀፍ የድርጅቶች ጥምረት ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት በ9 አገሮች ከገበያ የተገዙ የዘይት ቀለሞች ተመርምረዋል። ኢትዮጵያ ከ9ኙ አንዷ ነበረች። ከተመረመሩት ቀለሞች አብዛኞቹ በበለጸጉት አገሮች መስፈርት ቢለኩ ለሽያጭ የማይበቁ ሆነው ተገኝተዋል። ፓን ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅትም ከአዲስ አበባ መደብሮች ቀለም እየገዛ በማስመርመር ሕግ እንዲወጣ ሲወተውት ቆይቷል። በመጨረሻም የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ደንብ ቁጥር 429ን አወጣ። ደንቡ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን በሚሊዮን 90 እጅ እንዲሆን ወስኗል። ይህም በአንድ ኪሎ ግራም ቀለም ውስጥ 90 ሚሊ ግራም ማለት ሲሆን፣ አሜሪካም ከ2009 ጀምሮ የምትሠራበት መጠን ነው።

ደንቡ ወደፊት የሚመረተውንና የሚሸጠውን ቀለም ይመለከታል። ከዚያ በፊት በሩ ላይ የተቀባውን ግን ማንም አይሰበስበውም። በአንድ አሮጌ በር ላይ አምስትና ስድስት ጊዜ ተደራርቦ የተቀባ ቀለም ማግኘት የተለመደ ነው፤ እርሳሱ ያለው ከሥር ባሉት ንብርብሮች ውስጥ ከሆነ፣ በላዩ የተቀባው አዲስ ቀለም እስኪፋቅ ድረስ ብቻ ይሸፍነዋል።

አቧራው ለምን ይህን ያህል ያስፈራል?

አንድ ስሌት እንሥራ። በአሜሪካ ሕግ አንድ ቅብ የእርሳስ ቀለም የሚባለው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ግራም እርሳስ ሲኖረው ነው። ርዝመቱ 30 ስፋቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ የበር ክፍል፣ ማለትም 900 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ 900 ሚሊ ግራም እርሳስ ይይዛል። ይህ ተፍቆ አቧራው ሦስት በሦስት በሆነ ክፍል ወለል ላይ እኩል ቢሰራጭ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 100 ሚሊ ግራም፣ ወይም 100,000 ማይክሮ ግራም ያርፋል።

አሁን ይህን ከመስፈርቱ ጋር እናነጻጽር። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2001 ለቤት ወለል ያስቀመጠው ጣሪያ በካሬ ጫማ 40 ማይክሮ ግራም ነበር። በ2019 ወደ 10 አወረደው፣ በ2024 ባወጣው ውሳኔ ደግሞ ከጽዳት በኋላ ሊቀር የሚችለውን መጠን 5 አድርጎታል። 10 የሚለው ቁጥር ወደ ካሬ ሜትር ሲለወጥ ከ108 ማይክሮ ግራም አይበልጥም። እንግዲህ ከአንድ የበር ቁራጭ፣ ከአንድ ትሪ ከማይበልጥ ቦታ የተነሳው አቧራ፣ ክፍሉን ከዚያ መጠን ከ900 ጊዜ በላይ ሊበክለው ይችላል ማለት ነው። አቧራው በዓይን የማይታይ ሊሆን ይችላል፤ ወለሉ ንጹሕ መስሎ መታየቱም ምንም አያረጋግጥም።

ሕፃናት ላይ የሚበረታው በሁለት ምክንያት ነው። በመጀመሪያ ወለል ላይ ይድሃሉ፣ እጃቸውንና መጫወቻቸውን ወደ አፋቸው ይከታሉ። ሁለተኛ፣ አዋቂ ሰው ከዋጠው እርሳስ ሰውነቱ የሚወስደው አንድ አሥረኛውን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰውን ሲሆን፣ የሕፃን አንጀት ግን እስከ ግማሽ ድረስ ይመጣል። ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም ጋር ስለሚያምታታው ካልሲየም በሚሄድበት ሁሉ ይወስደዋል፤ ወደ አንጎልም ወደ አጥንትም። ብረት የተባለው ንጥረ ነገርና ካልሲየም ያነሰበት ሕፃን ደግሞ ከሌላው የበለጠ ይመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ቀድሞ በዴሲ ሊትር ደም 10 ማይክሮ ግራም ሲደርስ ያሳስባል ይል የነበረውን በ2012 ወደ 5፣ በ2021 ደግሞ ወደ 3.5 አውርዶታል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሕፃን አያተኩስም፣ አያስቀምጠውም፣ አይከሳም። የሚጎዳው የመማር ችሎታው፣ ትኩረቱና ጠባዩ ነው፤ ይህም ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ሰነፍ ወይም ረባሽ ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው። መጠኑ በጣም ሲጨምር የሆድ ቁርጠት፣ የሆድ ድርቀት፣ የደም ማነስ፣ ከዚያም መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይከተላል። በአዋቂዎች ላይ ደም ግፊትንና ኩላሊትን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ሴት የወሰደችው እርሳስ ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። ከዓመታት በፊት በአጥንቷ ውስጥ የተከማቸውም በእርግዝና ጊዜ ወደ ደም ተመልሶ ሊወጣ ይችላል።

ስለ ወተት አንድ ነገር እንበል። ቀለም ቀቢዎችና ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ከሥራ በኋላ ወተት ከጠጡ መርዙ እንደሚታጠብ ያምናሉ፤ ለሠራተኛ ወተት እየገዙ የሚያጠጡ ቅን አሠሪዎችም አሉ። ካልሲየም ያለበት ምግብ አዘውትሮ መመገብ አንጀት የሚወስደውን እርሳስ መጠነኛ ሊቀንሰው ይችላል። ሳምባ የገባውን አቧራ ግን ወተት አያጥብም፣ ደም ውስጥ የደረሰውንም አያወጣም። የወተቱ ገንዘብ ለጥሩ ጭምብል ቢውል ይሻላል።

መፋቅ ግዴታ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ቀለሙ ካልተላጠ፣ ካልተሰነጠቀና ካልተነሳ ከሁሉም የሚሻለው እሱን አለመንካት ነው። በሳሙናና በውሃ አጥቦ፣ ካደረቁ በኋላ በላዩ መቀባት በቂ ነው። ባለሙያው «ካልተፋቀ አይዝም» ሊልዎት ይችላል። የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ላይ አዲሱ እንዲይዝ መጠነኛ ማሻከር እንደሚያስፈልግ እውነት ነው፤ ይህ ግን በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት፣ ያለ አቧራ ሊሠራ ይችላል።

በዚህ ረገድ የተለዩት የሚከፈቱና የሚዘጉ ነገሮች ናቸው። መስኮት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጠርዙ ከፍሬሙ ጋር እየተፋተገ ቀለሙን ይፈጫል፣ አቧራውም የመስኮቱ ደፍ ላይ ይጠራቀማል። እንዲህ ያለውን በላዩ መቀባት ለጥቂት ወር ብቻ ይሠራል። አቅም ካለ መለወጥ፣ ከሌለም የሚፋተገውን ጠርዝ ብቻ በእርጥብ ዘዴ ማንሳት ይመረጣል።

ቀለሙ እርሳስ እንዳለው በእርግጠኝነት የሚያሳውቀው የላቦራቶሪ ምርመራ ወይም በራጅ የሚሠራ የእጅ መለኪያ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጡት ቀለም የሚለውጡ ትንንሽ መመርመሪያዎች ፍንጭ ይሰጡ ይሆናል እንጂ የላይኛውን ንብርብር ብቻ ነክተው ነፃ ነው ቢሉ አይታመኑም፤ እስከ እንጨቱ ድረስ ያሉት ንብርብሮች ሁሉ መነካት አለባቸው። ምርመራ ካልተገኘ ቀላሉ መመሪያ ይህ ነው፦ ደንቡ ከመውጣቱ በፊት በእንጨት ወይም በብረት ላይ የተቀባ የዘይት ቀለም ሁሉ እርሳስ እንዳለው ቆጥሮ መሥራት።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

ዋናው ነገር ሰው ነው። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከክፍሉ ብቻ ሳይሆን ከተቻለ ከቤቱ ይውጡ፤ ሴት አያታቸው ዘንድም ይሁን አክስታቸው ዘንድ ይቆዩ። የሚመለሱት ሥራው ሲያልቅ ሳይሆን ጽዳቱ ሲያልቅ ነው። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ አስቸጋሪ መሆኑ ይገባናል። ቢሆንም ሥራውን ለሁለት ወይም ሦስት ቀን አጥብቦ መጨረስና ያን ያህል ቀን ዘመድ ዘንድ ማሳደር፣ ለሁለት ሳምንት በአቧራ ውስጥ ከመኖር ይሻላል።

ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ፍራሽና ሶፋ ይውጡ፤ አቧራው አንዴ ከገባባቸው ማውጣቱ አስቸጋሪ ነው። ሊወጣ የማይችለው ቁም ሣጥን በወፍራም ፕላስቲክ ተሸፍኖ በማሸጊያ ፕላስተር ይታሸግ። ወለሉ ላይም ፕላስቲክ ይነጠፍ። የአሜሪካው መመሪያ በቤት ውስጥ ከሚሠራበት ቦታ ቢያንስ 6 ጫማ፣ ማለትም 1.8 ሜትር ያህል፣ በውጭ ደግሞ 10 ጫማ ወይም 3 ሜትር ድረስ እንዲነጠፍ ያዛል። ወደ ሌላው ክፍል የሚወስደው በር ላይ ሁለት ድርብ ፕላስቲክ ይንጠልጠል፤ አንዱ መሐሉ ተሰንጥቆ ሰው የሚያልፍበት፣ ሁለተኛው በላዩ የሚወርድ። ከሰል ወይም ፌስታል እየቆጠቡ በስስ ላስቲክ መሥራት ትርፍ የለውም፤ ወዲያው ይቀደዳል።

የውሃ ሥራ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቢያስታውሱ ይህን ያስታውሱ፦ ደረቅ ቀለም አይፋቅም። ለልብስ መተኮሻ የምንጠቀምበት ዓይነት የውሃ መርጫ ቀላል ነገር ሆኖ ሳለ የአቧራውን አብዛኛውን ክፍል ሊይዘው ይችላል። የሚፋቀው ቦታ ይረጫል፣ ይፋቃል፣ ሲደርቅ እንደገና ይረጫል። ውሃ የሚችለው ጥቁሩ ብርጭቆ ወረቀት ለዚህ የተሠራ ነው። ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ አካባቢ ግን ውሃ አይረጭም፤ መብራቱም ከቆጣሪው ይጥፋ።

የማይደረጉት ደግሞ የታወቁ ናቸው። በግራይንደርና በማሽን ብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ አቧራውን ከምንጩ የሚስብ ልዩ ቫኪዩም ካልተገጠመለት በቀር፣ በደቂቃዎች ውስጥ ቤቱን ሊበክል ይችላል። በእሳት እየለበለቡ ማንሳት ከዚያም የባሰ ነው፤ እርሳሱ ጭስ ሆኖ በቀጥታ ሳምባ ውስጥ ይገባል። የሙቅ አየር መሣሪያም ቢሆን ከ590 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ እንዳይሞቅ በአሜሪካው ደንብ ተከልክሏል። ቀለም የሚያቀልጡ ኬሚካሎችን በተመለከተ፣ ሜቲሊን ክሎራይድ ያለባቸው በዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ስለገደሉ አይምረጧቸው።

የቀቢው ነገር

ባለቤቱ በዓመት አንድ ጊዜ ያስቀባል፤ ቀቢው ግን በየቀኑ ይፍቃል። አብዛኞቹ በቀን ሒሳብ ወይም በካሬ የሚሠሩ ወጣቶች ሲሆኑ፣ መከላከያቸው አፋቸው ላይ የጠመጠሙት ሻሽ ወይም ከኮቪድ ዘመን የተረፈ ሰማያዊ ማስክ ነው። ሁለቱም ለዚህ አቧራ አይሆኑም። ኤን 95 ወይም ኤፍ ኤፍ ፒ 2 የተባሉት ጭምብሎች ዝቅተኛው አማራጭ ሲሆኑ፣ የሚመረጡት ፒ 100 ወይም ኤፍ ኤፍ ፒ 3 ናቸው። ፊት ላይ ካልተጣበቀ ግን የትኛውም አይሠራም፤ ጺም ያለው ሰው ላይ በጎን ይገባል።

ከጭምብሉ እኩል የሚያስፈልገው መታጠብ ነው። ምሳ ከመብላቱ፣ ሲጋራ ከመለኮሱ፣ ጫት ከመያዙ በፊት እጅና ፊት በሳሙና ይታጠባል። ቱታውና ጫማው ሥራ ቦታ ይቀራሉ። ቱታውን ለብሶ ታክሲ የተሳፈረ፣ እቤቱ ሲደርስ ልጁን ያቀፈ ቀቢ የእርስዎን በር እርሳስ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ስለዚህ ስምምነት ሲያደርጉ የፕላስቲኩን፣ የጭምብሉንና የተጨማሪውን የጽዳት ቀን ዋጋ እርስዎ እንደሚከፍሉ አስቀድመው ይናገሩ። በቁርጥ ዋጋ የያዘ ሰው ውሃ እየረጨ እንዲሠራ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም፤ እርጥብ ሥራ ይዘገያል፣ መዘግየቱም ከኪሱ ነው የሚወጣው።

ጽዳቱ

መጥረጊያ ይቀመጥ። መጥረጊያ አቧራውን ከወለል አንስቶ አየር ላይ ይበትነዋል። መጀመሪያ የተነጠፈው ፕላስቲክ ላዩ ውሃ ይረጭበትና ቆሻሻው ወደ ውስጥ እንዲሆን ተደርጎ ይጠቀለላል። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ከጣሪያው ኮርኒስ ጠርዝ ጀምሮ ግድግዳው፣ የመስኮቱ ደፍ፣ በመጨረሻም ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፤ አንዱ ዱቄት ሳሙና የተበጠበጠበት፣ ሌላው ጨርቁ የሚለቀለቅበት። የመለቅለቂያው ውሃ በየክፍሉ ይለወጥ፤ ካልተለወጠ የምናደርገው እርሳሱን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መቀባት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ አየር ላይ የነበረው ሲያርፍ፣ ሁሉም ይደገማል።

ቫኪዩም ክሊነር ያለው ሰው እንዳይዘናጋ። ተራው ቫኪዩም ደቃቁን አቧራ በጀርባው መልሶ ይተፋዋል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሄፓ የተባለ ማጣሪያ የተገጠመለት፣ 0.3 ማይክሮን የሚያህሉ ብናኞችን 99.97 በመቶ የሚይዘው ብቻ ነው።

ለማረጋገጥ የሚያስችለው እርግጠኛ መንገድ ከወለልና ከመስኮት ደፍ በእርጥብ ጨርቅ ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ መላክ ነው። ያ ካልተቻለ ነጭ እርጥብ ጨርቅ በወለሉና በደፉ ላይ ማስኬድ፤ ጨርቁ ከጠቆረ ጽዳቱ አላለቀም።

በአሜሪካ ለምትኖሩ

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል አሮጌ ቤት ገዝተው የሚያሳድሱ፣ በእድሳት ሥራ የሚተዳደሩም ብዙዎች ናቸው። በአሜሪካ ከ1940 በፊት ከተሠሩ ቤቶች 87 በመቶ፣ ከ1940 እስከ 1959 ከተሠሩት 69 በመቶ፣ ከ1960 እስከ 1977 ከተሠሩት ደግሞ 24 በመቶ የእርሳስ ቀለም እንዳላቸው የአካባቢ ጥበቃ ተቋሙ ይገልጻል። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚሸጥ ወይም የሚያከራይ ሰው ስለ እርሳስ ቀለም የሚያውቀውን በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ገዢውም ለማስመርመር 10 ቀን ሊሰጠው ይገባል። ከኤፕሪል 2010 ጀምሮ ደግሞ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ በአንድ ክፍል ከ6 ካሬ ጫማ በላይ ቀለም የሚነካ ወይም መስኮት የሚለውጥ ተከፋይ ድርጅት የምስክር ወረቀት እንዲኖረው፣ በሥልጠና ያለፈ ሰውም እንዲመድብ ይገደዳል። በራሱ መኖሪያ ቤት ራሱ የሚሠራ ባለቤትን ይህ ግዴታ አይመለከተውም፤ አቧራው ግን ልዩነቱን አያውቅም። በዲሲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ስላለ የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚ ማነጋገር ይቻላል።

ሥራው ካለፈ በኋላ ያወቁት ከሆነ

ይህን የሚያነቡ አንዳንዶች እንደ ጽሑፉ አቅራቢ ልጃቸውን በዚያ አቧራ ውስጥ አስተኝተው ይሆናል። መጀመሪያ ቤቱን ከላይ እንደተገለጸው በእርጥብ ማጽዳት፣ የልጁን መጫወቻና እጅ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ቀጥሎ ሐኪሙን ማነጋገርና የደም እርሳስ ምርመራ ሊደረግ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ። ናሙናው ከደም ሥር ቢወሰድ ይመረጣል፤ ከጣት ጫፍ የሚወሰደው ጣቱ ላይ ባለ አቧራ ሊሳሳት ይችላል። በደም ውስጥ ያለው እርሳስ መጋለጡ ከቆመ በኋላ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ከወራት በኋላ የተደረገ ምርመራ የቀድሞውን ሙሉ በሙሉ አያሳይም። እርሳስን ከሰውነት የሚያስወጡ መድኃኒቶች ቢኖሩም የሚታዘዙት መጠኑ 45 ማይክሮ ግራምና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሕክምና የእርሳሱን ምንጭ ማስወገድና ልጁ ብረትና ካልሲየም ያለበት ምግብ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

ፍርፋሪውና አሮጌው በር

የተፋቀው ቀለም፣ የተጠቀለለው ፕላስቲክና የተወለወለበት ጨርቅ በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ተደርጎ፣ ታስሮ፣ በሁለተኛ ከረጢት ይገባል። የማዳበሪያ ጆንያ ብቻውን ደቃቁን ስለሚያፈስ አይሆንም። የታጠበበት ውሃ በጨርቅ ተጠልሎ ሽንት ቤት ይደፋል፤ ጎመንና ቃሪያ የተተከለበት ጓሮ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ወይም ደጅ ያለው ቦይ ውስጥ አይደፋም። እርሳስ አይበሰብስም፣ አፈር ውስጥ ለዘመናት ይቆያል።

ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው የተነቀለው በርና መስኮት ነው። በከተማችን ከፈረሱ ቤቶች የወጣ በርና መስኮት እየተሸጠ ሌላ ቤት ይገጠማል፤ የማይሸጠው ደግሞ ተፈልጦ ማገዶ ይሆናል። ቀለም ያለበትን እንጨት ምጣድ ሥር ማንደድ እርሳሱን ጭስና አመድ ማድረግ ነው፤ ጭሱን የምትተነፍሰው እንጀራ የምትጋግረው ሴትና ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሕፃን ናቸው፣ አመዱም ብዙ ጊዜ ጓሮ ይበተናል። የተነቀለውን እንጨት ለዘበኛው ወይም ለጎረቤት በነፃ ከመስጠትዎ በፊት ቀለም የተቀባውን ለይተው ያስቀሩ፣ ለምን እንዳስቀሩትም ይንገሯቸው።